የተበላሸውን የካምፕ ጉዞ ልድገመው?

የአንባቢያችን ደብዳቤ

«ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ልጆቼ የ12፣ የ9 እና የ5 ዓመት ናቸው። ቤተሰቤን ከከተማ አውጥቼ ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማሳደር ለወራት ስዘጋጅ ቆየሁ። መንገድ ላይ ስለዘገየን የደረስነው ሲመሽ ነበር። ከወንዙ አጠገብ ለጥ ያለ፣ ሣሩ ለምለም የሆነ ቦታ መርጬ ድንኳኑን በባትሪ ብርሃን ተከልኩ። ገና ሳንጨርስ ነጎድጓድ ሲሰማ ትልቋ ልጄ ‹አባዬ፣ እንመለስ› አለችኝ፤ እኔም ‹አንቺ መቼም ፈሪ ነሽ› አልኳት። የአየር ትንበያውን አይቼ ስለነበር ዝናቡ ቶሎ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር፤ አላለፈም። ከሥር ፕላስቲክ ባነጥፍም ውኃው ከታች ገብቶ ልብሱም ስሊፒንግ ባጉም ራሰ። ትንሹ ልጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ድንኳኑን ለማሞቅ የጋዝ ምድጃውን ውስጥ ለኮስኩ፤ ባለቤቴ እጄን ገፍታ አጠፋችውና በልጆቹ ፊት ጮኸችብኝ። መኪና ውስጥ ተቀምጠን አድረን፣ ሲነጋ ሳንነጋገር ተመለስን። አሁን ልጄ ዳግመኛ እንደማትሄድ ተናግራለች፤ ባለቤቴም ነገሩ ሲነሣ ዝም ትላለች። እኔ ግን በሚቀጥለው ወር ሁሉን አስተካክዬ ብደግመው ያ ሌሊት ይረሳል ብዬ አምናለሁ። ሐሳቤ ስሕተት ነው?»

ውድ ጠያቂያችን፣

በሚቀጥለው ወር ያሰቡትን ጉዞ እንዲተዉት እመክርዎታለሁ። ይህን ስል ቤተሰብዎን ወደ ሜዳና ወደ ጫካ ማውጣት አይገባዎትም ማለቴ አይደለም፤ ለወራት መዘጋጀትዎም ሆነ የተበላሸውን ለማስተካከል መጓጓትዎ ለልጆችዎ ያለዎትን ፍቅር በግልጽ ያሳያል። ነገር ግን ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ጉዞውን መድገም የፈለጉት ያ ሌሊት እንዲረሳ ነው፤ ልጅዎና ባለቤትዎ ደግሞ ያ ሌሊት በቅድሚያ እንዲነገር የሚጠብቁ ይመስለኛል። ሳይነገር ሌላ ጉዞ ቢደረብበት፣ አዲሱ ጉዞ ከመነሻው የፈተና መልክ ይይዛል፤ ደመና በታየ ቁጥር ሁሉም የእርስዎን ፊት ማየት ይጀምራል።

ወደ ልጅዎ ጉዳይ ከመግባቴ በፊት የጋዝ ምድጃውን ነገር ማንሣት ግዴታዬ ነው። ባለቤትዎ ምድጃውን ባጠፉበት ቅጽበት የአምስት ሰው ሕይወት አትርፈው ሊሆን ይችላል። ጋዝም ሆነ ከሰል በጠባብና በተዘጋ ቦታ ሲነድ አየር ስለሚያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ እንደ ጭስ ዓይን አይቆጠቁጥም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ በትንሽ መጠን እንኳ ወደ ሳንባ ሲገባ ሰውነትን ኦክስጅን ያሳጣዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ምልክቶቹ ናቸው፤ ዝናብና እንቅልፍ ማጣት ባደከመው ሌሊት ግን ማንም ሰው እነዚህን የጉዞ ድካም አድርጎ ሊያልፋቸው ይችላል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው በዚያው ሊያሸልብ ይችላል። የድንኳኑን በር ገርበብ አድርጎ መተው ዋስትና አይሆንም። ነበልባሉ የጠፋ የከሰል ፍምም ቢሆን ይህን ጋዝ መልቀቁን አያቆምም። የድንኳን ጨርቅ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀጣጠልም ያውቁታል። ስለዚህ በድንኳን ውስጥ ለማሞቂያም ሆነ ለማብሰያ እሳት አይለኮስም፤ ይህ በምንም ብርድ፣ በምንም ዝናብ የማይላላ ሕግ ነው።

ባለቤትዎ በልጆቹ ፊት እንደጮኹብዎት ጽፈዋል። ስሜትዎን አላቃልልም፤ ሰው በቤተሰቡ ፊት፣ ያውም ለመልካም ባሰበበት ሰዓት ሲገሠጽ ይከፋዋል። ሆኖም አደጋው የነበረው ልጆቹ ባሉበት ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ወደ ጎን ጠርቶ ለመነጋገርም ጊዜ አልነበረም። ምስጋናውም በልጆቹ ፊት ቢሆን ተገቢ ነው። «ያን ዕለት እናታችሁ ምድጃውን ያጠፋችው ልክ ነበረች፤ እኔ አደጋውን አላወቅሁም ነበር» ብለው ይንገሯቸው። በዚህ አነጋገር ልጆቹ አንድ የሚያድን እውቀት ያገኛሉ፤ ባለቤትዎም ለዚህን ያህል ጊዜ በዝምታ ያቆዩትን ነገር ለመናገር በር ይከፈትላቸዋል። ከዚያ በኋላ እርሳቸው የሚናገሩትን መሐል ሳይገቡ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ይስሟቸው። እርስዎም አነጋገራቸው እንደጎዳዎት መናገር ይችላሉ፤ ግን ከምስጋናው ጋር በአንድ ትንፋሽ አይሁን፤ ሌላ ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን።

ትንሹ ልጅዎ የተንቀጠቀጠውም ብርድ ስላልለመደ ብቻ እንዳይመስልዎት። የሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከ35 በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል። ይህ የሚደርሰው በረዶ በሚጥልበት ስፍራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ የራሰ ልብስ የለበሰና ነፋስ የሚመታው ሰው አየሩ 10 ዲግሪ እያለም ለዚህ አደጋ ይጋለጣል። ሕፃናት ደግሞ ከክብደታቸው አንጻር የቆዳቸው ስፋት ከአዋቂ ስለሚበልጥ ሙቀታቸውን ቶሎ ያጣሉ። መንቀጥቀጥ ሰውነት ራሱን ለማሞቅ የሚያደርገው ትግል ነው፤ ልጁ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ቢቆም፣ አንደበቱ ቢተሳሰር፣ እጁ ዕቃ መያዝ ቢያቅተው ወይም ድብት ቢለው በአስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከዚያ በፊት ባለው ደረጃ የራሰውን አውልቆ ደረቅ ማልበስ፣ ጭንቅላቱን መሸፈን፣ ከአዋቂ ገላ ጋር ማስጠጋትና ንቁ ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ መጠጥ መስጠት ይረዳል። መኪናው ውስጥ ገብታችሁ ማደራችሁ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ወደፊትም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ መኪናውን ካሞቃችሁ በኋላ አጥፍታችሁ ተኙ፤ የመኪና ጭስም ያንኑ መርዝ ይዟልና፣ በተለይ የጭስ ማውጫው በጭቃ ወይም በሣር ከተደፈነ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ትልቋ ልጅዎ እንመለስ፤ በእኔ አስተያየት የደብዳቤዎ ዋና ጉዳይ እርሷ ናት።

ልጅዎ «እንመለስ» ያለችው ነጎድጓድ ሰምታ ነው። እርስዎ ፍርሃት ያሉት ነገር በእውነቱ ትክክለኛ ግምት ነበር። መብረቅ ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በየ3 ሰከንዱ በግምት 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ይቆጠራል፤ ብልጭታውና ድምፁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተከታተሉ መብረቁ እናንተ ጋ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። ድንኳን ከመብረቅ አይከላከልም፤ ጣሪያው ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ወይም ጠንካራ ሕንፃ ግን ይከላከላል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ከአምስታችሁ መካከል ሁኔታውን በትክክል ያነበበችው የ12 ዓመቷ ልጅ ነበረች፤ ያገኘችው መልስ ግን ስለ ነጎድጓዱ ሳይሆን ስለ ጠባይዋ ነበር። ቀጥሎ የሆነው ሁሉ እርሷ ልክ እንደነበረች አረጋገጠ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልነገራትም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የራሱን ግምት ማመን የሚማረው እንዲህ ባሉ አጋጣሚዎች ነው። «ዳግመኛ አልሄድም» ስትል ዝናቡን ፈርታ ነው ብዬ አላምንም፤ ብናገርም አልሰማም ወደምትልበት ቦታ ላለመመለስ የወሰነች ይመስለኛል።

ስለዚህ ይቅርታ ይጠይቋት፤ ይቅርታው ግን ጥራት ያለው ይሁን። «ያን ዕለት ሁላችንም ተቸግረን ነበር» የሚል አጠቃላይ ንግግር አይበቃትም። «እንመለስ ስትዪኝ መስማት ነበረብኝ፤ ፈሪ ማለቴ ትክክል አልነበረም፤ ያየሽው ነገር እውነት ነበር» የሚል፣ ጉዳዩን በስሙ የሚጠራ ቃል ነው የሚያስፈልጋት። «ነገር ግን» የሚለውን ቃል አይጨምሩበት። ለምን እንዲያ እንዳሉ ለማስረዳትም አይቸኩሉ፤ ከፈለገች ራሷ ትጠይቅዎታለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ በይቅርታው መጨረሻ ላይ «እንግዲህ አሁን አብረሽን ትሄጃለሽ አይደል?» የሚል ጥያቄ እንዳይከተል ይጠንቀቁ፤ ያን ጊዜ ይቅርታው የመደራደሪያ ዕቃ ይሆንባታል። ዝም ብትልዎት ወይም «እሺ» ብላ ብቻ ብትነሣ አይከፋዎት፤ የሰማችውን ለማመን ጊዜ ሊያስፈልጋት ይችላል።

ስለ 9 ዓመቱ ልጅዎ በደብዳቤዎ ውስጥ ከዕድሜው በቀር ምንም አልጻፉም። ያልጮኸ፣ ያልተንቀጠቀጠ፣ ያላኮረፈ ልጅ ምንም አልሆነም ተብሎ ይታለፋል፤ ወላጆቹ በጨለማ ሲጣሉ የሰማ ልጅ ግን የራሱ ጥያቄ ይኖረዋል። እርሱንም ለብቻው፣ አብራችሁ አንድ ሥራ እየሠራችሁ፣ ያን ሌሊት ምን እንዳሰበ ይጠይቁት።

ለራስዎ ደግሞ አንድ ነገር እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ፤ ይኸውም መመለስ ለምን እንደከበደዎት ነው። «ለወራት ስዘጋጅ ቆየሁ» የሚለው ቃልዎ መልሱን የያዘ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች ለተሳታፊዎቻቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ አቀረቡ፤ ለሁለት የበረዶ መንሸራተቻ ጉዞዎች ከፍለሃል፣ አንዱ ውድ ነው፣ ሌላው ርካሽ ቢሆንም ይበልጥ የሚያስደስትህ እርሱ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ቢገጥሙ የትኛውን ትመርጣለህ? ገንዘቡ በሁለቱም በኩል የማይመለስ ሆኖ ሳለ፣ ከግማሽ በላይ የሆኑት መላሾች ውዱንና ያነሰ ደስታ የሚሰጠውን መረጡ። የወጣ ገንዘብና የፈሰሰ ላብ ፍርዳችንን እንዲህ ይጫነዋል። እርስዎም በዚያ ምሽት ጭለማውን፣ ነጎድጓዱንና የልጅዎን ድምፅ በአንድ ወገን፣ የወራት ዝግጅትዎን በሌላ ወገን አስቀምጠው ሲመዝኑ፣ ዝግጅቱ ከበደ። በደከመ አእምሮ፣ በጨለማ፣ ሁሉም እየተመለከተዎት እንዲህ ያለውን ሚዛን በትክክል መያዝ ለማንም ሰው ከባድ ነው።

ከፍተኛ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ይህን ድክመት ስለሚያውቁ፣ ከመነሣታቸው በፊት የመመለሻ ሰዓት ይቆርጣሉ፤ ያ ሰዓት ከደረሰ ጫፉ ቢታያቸው እንኳ ይመለሳሉ። ለቤተሰብ ጉዞም ተመሳሳይ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ውሳኔው ቤት ውስጥ፣ ሁሉም ደረቅና ረጋ ብሎ ሳለ ይወሰናል። ነጎድጓድ ከተሰማ ወደ መኪና እንገባለን፤ ከመጨለሙ ሁለት ሰዓት ቀድመን ካልደረስን ድንኳን አንተክልም፤ መኝታው ከራሰ በዚያው ሌሊት እንመለሳለን፤ ደረቅ ልብስ ለብሶም መንቀጥቀጡ ያልተወው ልጅ ካለ አንጠብቅም። ስምምነቱ ሥራ የሚሠራው ግን ማንኛውም የቤተሰብ አባል፣ የ5 ዓመቱ ልጅ ጭምር፣ ሊያነሣው ሲችልና አንዴ ከተነሣ ክርክር ሳይከፈትበት ሲቀር ነው። ያለ ምክንያት የተመለሳችሁበት ጊዜ ቢያጋጥም የምታጡት አንድ ሌሊት ነው።

ውኃው ከታች የገባበትን ምክንያትም ልንገርዎት፤ ሳያውቁት ቢቀር ሌላ ጊዜም ይደገማልና። ለጥ ያለና ሣሩ የለመለመ ዝቅተኛ ቦታ ለዓይን የተመቸ ቢሆንም፣ ሣሩ የለመለመው ብዙውን ጊዜ ውኃ ስለሚተኛበት ነው፤ ቀዝቃዛ አየርም ከባድ ስለሆነ በሌሊት ወደዚያው ይወርዳል። ወንዝ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ፣ ከላይ በዘነበ ዝናብ ብቻ በድንገት ሊሞላ ይችላል። ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር የራቀና ከፍ ያለ፣ ከላዩ የደረቀ ቅርንጫፍ የሌለበት ቦታ ይመረጣል። ከሥር የተነጠፈው ፕላስቲክም ከድንኳኑ ጠርዝ ወጣ ብሎ ከነበረ፣ በድንኳኑ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ መኝታችሁ ሥር አስገብቶታል ማለት ነው፤ ፕላስቲኩ ከድንኳኑ ወለል በየጎኑ ጥቂት ጠበብ ማለት አለበት። የአየር ትንበያውን ያዩት በአቅራቢያው ላለ ከተማ ከሆነ ደግሞ፣ በየ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ማሰብ ነበረብዎት። በስሊፒንግ ባግ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም አንዳንድ ጊዜ ተመችቶ የሚተኛበት ሙቀት ሳይሆን ተቸግሮ የሚታደርበት ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ልኬቱም የተዘጋጀው ለአዋቂ እንጂ ለሕፃን አይደለም። የድንኳኑን ካስማና አውታር ደግሞ ቤታችሁ አጠገብ፣ በቀን፣ ከልጆቹ ጋር እየተከላችሁና እየነቀላችሁ ብትለማመዱ፣ የ9 ዓመቱ ልጅዎ ከሁላችሁ በላይ የሚያውቀው ሥራ ያገኝ ይሆናል።

መቼ ሂዱ እንደምል ይጠብቁ ይሆናል። ጊዜውን ልጅዎና ባለቤትዎ ቢወስኑት እመርጣለሁ። መጀመሪያ ማደር የሌለበት፣ ጧት ተሄዶ ከሰዓት በኋላ የሚመለሱበት ጉዞ ይሁን፤ ቀጥሎ፣ ሁሉም ከፈቀደ፣ መኪናው በቆመበት አጠገብ አንድ ሌሊት ብቻ። አወጣጣችሁን እንዳሰባችሁ ሁሉ አጨራረሳችሁንም አስቡበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች እጃቸውን በ14 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ እንዲያቆዩ ተደረገ፤ በሌላ ዙር ደግሞ ከ60ው ሰከንድ በኋላ 30 ሰከንድ ተጨመረባቸው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ ሞቀ። የትኛውን መድገም እንደሚመርጡ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ ሥቃዩ በጠቅላላው የበዛ ቢሆንም አጨራረሱ ቀለል ያለ ስለነበር። የእናንተ ጉዞ ያለቀው በመኪና ውስጥ ዝምታና ከዚያ በኋላ በተከተለው የቤት ዝምታ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ልጆቹ ሳይደክሙ፣ «ጥቂት እንቆይ» እያሉ ሳለ ለመመለስ ያቅዱ፤ ዕቃ የሚጫንበትና መንገድ የሚጀመርበት ሰዓት ቁጣና ጥድፊያ የሌለበት እንዲሆንም አስቀድመው ሰዓት ይመድቡለት።

ልጅዎ ከዚህ ሁሉ በኋላም «አልሄድም» ብትል ቃሏን ይቀበሏት። እርሷ ከእናቷ ጋር ቤት ብትቀር፣ እርስዎም ሁለቱን ወንድሞቿን ይዘው ለአንድ ቀን ብቻ ወጥተው ቢመለሱ ምንም ነውር የለበትም፤ ሲመለሱ ግን ምን እንዳመለጣት አይንገሯት፤ እርሷ ከጠየቀች ብቻ የሆነውን እንደሆነው ይንገሯት።